ቀረጡ ነጻ ነው፣ ቀኑ ግን ያስከፍላል

ለመኖር ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ዕቃው ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣበት ጥያቄ «ቀረጡ ስንት ይሆን?» የሚል ነው። አይፈረድበትም። ጉምሩክ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ቀረጥ ነው። ግን ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄድን ሰው ኪስ የሚያራቁተው ብዙ ጊዜ ቀረጥ አይደለም። ለመኖር የሚገባ ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃውን በብዙ አገሮች ከቀረጥ ነጻ ያስገባል። የሚያስከፍለው ሌላ ነው። ያለፈ ቀን ነው፣ ያልተሞላ ፎርም ነው፣ ወደብ ላይ ተገትሮ የዋለ ኮንቴይነር ነው።

ነጻ መብቱ የአንድ አገር ቸርነት አይደለም። በ1999 የተሻሻለው የኪዮቶ ኮንቬንሽን (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጉምሩክን አሠራር በዓለም ደረጃ ለማቀራረብ የወጣ ስምምነት ነው። መኖሪያውን የሚያዛውር ሰው የግል ዕቃውን ያለ ቀረጥ የሚያስገባበት መንገድም በዚያ ውስጥ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀረጥ የተፈጠረው ገበያ ለሚወጣ ሸቀጥ ነው። አምስት ዓመት የተኛችሁበት አልጋ ከማንም ነጋዴ ጋር አይፎካከርም። ስለዚህ ጉምሩክ የሚጠይቃችሁ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ይህ ጓዝ እንጂ ሸቀጥ አለመሆኑን አሳዩኝ። ዕቃው የማን ነው? ምን ያህል ጊዜ ተገለገላችሁበት? ከገባ በኋላስ ምን ልታደርጉት ነው? ይህ ከገባችሁ የየአገሩ ደንብ ብዙም ግራ አያጋባም። የሚለያየው ቁጥሩ ነው።

የአውሮፓ ኅብረትን ውሰዱ። ጉዳዩ የሚገዛው ደንብ ቁጥር 1186/2009 በሚባለው ሕግ ነው። ሰውየው ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር የኖረ መሆን አለበት። ዕቃውንም ቢያንስ 6 ወር በእጁ አድርጎ የተገለገለበት መሆን አለበት። መኖሪያውን ካዛወረ በኋላ ጓዙን ለማስገባት 12 ወር አለው። ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ 12 ወር ይቆጠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለባለሥልጣኑ ሳያሳውቅ ዕቃውን መሸጥ፣ ማከራየት፣ ለብድር ማስያዝ አይችልም። ማዋስም አይችልም። ሶፋውን ለጎረቤት አዋሰ ብሎ በሩን የሚያንኳኳ መርማሪ ይመጣል ማለቴ አይደለም። ግን በነጻ የገባ መኪና በአራተኛው ወር ስም ሲዛወር በመዝገብ ላይ ይታያል። ያኔ የተተወው ቀረጥ ተመልሶ ይጠየቃል።

ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላም ቁጥሮቹን አልቀየረችም። ልዩነቱ የቅደም ተከተል ነው። እዚያ «ቲ-ኦ-አር» የሚባል የመኖሪያ ዝውውር ማመልከቻ አለ። በኢንተርኔት ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል፣ ሲፈቀድ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ዕቃው ሲደርስ ያ ቁጥር በትራንዚተሩ፣ ማለትም ዕቃውን ከጉምሩክ በሚያወጣላችሁ ወኪል እጅ መገኘት አለበት። መርከቡ ከተነሳ በኋላ ማመልከቻውን የሚጀምር ሰው ከመርከቡ ጋር ሩጫ ገጠመ ማለት ነው። መርከቡ ቀርፋፋ ቢሆንም የመሥሪያ ቤት ወረፋም የሚታወቅ ነው።

አሜሪካ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ትይዘዋለች። ፎርሙ ቁጥር 3299 ይባላል። የቤት ዕቃ በነጻ የሚገባው ውጭ አገር ቢያንስ አንድ ዓመት ከተገለገላችሁበት ነው። ዓመቱ ግን የግድ ያልተቋረጠ ወይም የመጨረሻው ዓመት መሆን የለበትም። «የቤት ዕቃ» የሚባለውም ምንጣፍ፣ ሥዕል፣ ሳህን፣ አንሶላ፣ ወንበር የመሳሰለው ነው። ልብስ፣ ጌጣጌጥና ካሜራ እዚያ ውስጥ አይቆጠሩም፤ የግል መገልገያ ናቸውና ለብቻ ይታያሉ። ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀረጡ ይቀርላቸዋል። ስለዚህ ልብሱና ድስቱ በአንድ ካርቶን ተደባልቀው «የቤት ዕቃ» ከተባሉ የጉምሩክ መኮንኑ ጥያቄ ቢያነሳ አይገርምም።

ካናዳና ጃፓን ላይ ነገሩ የሚወሰነው ዕቃው ሲደርስ ሳይሆን ሰውየው ሲደርስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሁኔታውን አስቡት። በረራው ረጅም ነበር። ልጆቹ ተነጫንጨዋል። ከኋላ ሰልፉ ይገፋል። መኮንኑ ቀና ሳይል «ከኋላ የሚመጣ ዕቃ አለ?» ይላል። ሰውየው ቶሎ መገላገል ይፈልጋል፤ ኮንቴይነሩም ገና አልተጫነም። «የለም» ይላል። አለቀ።

የካናዳ ደንብ ግን በመጀመሪያው መግቢያ ቀን ሁለት ዝርዝር ይፈልጋል። አንዱ በእጅ የያዛችሁት ነው፣ ሌላው «በኋላ የሚደርስ» የሚባለው። መኮንኑ ቢኤስኤፍ 186 በተባለው ፎርም ላይ ይመዘግበዋል፣ ቅጂውንም ይሰጣችኋል። ኮንቴይነሩ ከወራት በኋላ ሲመጣ የምታሳዩት ያንን ቅጂ ነው። በዝርዝሩ ላይ ያልነበረ ዕቃ እንደማንኛውም ከውጭ የገባ ዕቃ ቀረጥና ታክስ ሊጣልበት ይችላል። በሻንጣ ከአንድ ጫማ በላይ ባትይዙ እንኳ ዝርዝሩ መቅረብ አለበት።  ጃፓንም እንዲሁ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በሁለት ቅጂ እንድታስመዘግቡ ትጠይቃለች። ማኅተም የተመታበት አንዱ ቅጂ ይመለስላችኋል። ዕቃው ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መድረስ አለበት።

የጓዝ ጉዳይ ዋና ሰነድ ፓኪንግ ሊስት፣ ማለትም በየካርቶኑ ያለው ዕቃ ዝርዝር ነው። ብዙ ሰው በመጨረሻው ሌሊት፣ በደከመ እጅ ይጽፈዋል። ውጤቱም ይታያል። «ካርቶን 14፦ ልዩ ልዩ»። «ካርቶን 15፦ ልዩ ልዩ»። ፈታሹ ያንን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስከፍተው የትኛውን እንደሆነ መገመት አያቅትም። «ካርቶን 14፦ ያገለገሉ የወጥ ቤት ዕቃዎች፣ 6 ድስት፣ 12 ሳህን፣ 1 መፍጫ፣ ግምት 80 ዶላር» የሚል መስመር ግን ራሱ ይናገራል። ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ የሠራው ድርጅት ስምና መለያ ቁጥሩ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ዋጋው ዛሬ ያገለገለ ሆኖ ቢሸጥ የሚያወጣው ይሁን። ዝቅ አድርጎ መጻፍ ብልጠት ይመስላል። ግን ያው ሊስት ብዙ ጊዜ ለኢንሹራንሱም ይቀርባል። ለጉምሩክ 20 ዶላር ያላችሁት ቴሌቪዥን ሲሰበር 600 ይከፈለኝ ማለት አያስኬድም።

አዲስ ዕቃም ሌላ ጣጣ ነው። «እዚያ ውድ ነው» እየተባለ ከመሄድ በፊት በነበረው ሳምንት የተገዛ ፍሪጅ፣ ከነካርቶኑ፣ ከነፌስታሉ፣ ከነዋጋው መለያ ይጫናል። ያ ዕቃ 6 ወርም 12 ወርም አላገለገለም። ነጻ መብቱ አይነካውም። ይባስ ብሎ በሌላው ጓዝ ላይ ጥርጣሬ ይጠራል። አዲስ ዕቃ የግድ የሚሄድ ከሆነ ለብቻው ተጽፎ፣ ደረሰኙ ተያይዞ፣ ቀረጡ ተከፍሎ ይግባ። ይህ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልበል። በላቲን ፊደል ስማቸው በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በቪዛ ሌላ ዓይነት የሚጻፍ ሰዎች ቢል ኦፍ ሌዲንግ በሚባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ላይ የሚጠቀሙት የፓስፖርቱን መሆን አለበት። አንድ ፊደል እንኳ መለያየት የለበትም። መርከቡ ከተነሳ በኋላ ሰነዱን ማስተካከል ይቻላል፣ ግን በክፍያና በቀናት ነው። ዕቃው በዘመድ ስም እንዲደርስ ማድረግም አይመከርም። የመኖሪያ ለውጡ የእናንተ ነው፣ ነጻ መብቱም በእናንተ ስም ነው የሚጠየቀው።

ወደ ቀኑ እንመለስ። መርከብ ወደብ ሲደርስ ለኮንቴይነሩ ጥቂት ነጻ ቀናት ይሰጣሉ። ካለፉ በኋላ ሁለት ቆጣሪ በአንድ ላይ መቁጠር ይጀምራል። አንዱ የወደቡ የመጋዘን ኪራይ ነው። ሌላው የመርከብ ድርጅቱ ለኮንቴይነሩ የሚጠይቀው ዲመሬጅ ነው። ኮንቴይነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶው በጊዜ ካልተመለሰ ደግሞ ዲቴንሽን የሚባል ይመጣል። ክፍያው በየቀኑ ነው፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድም ተመኑ ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ትራንዚተሩ «አንዲት ወረቀት ቀርታለች» ሲል ቀላል ይመስላል። ያቺ ወረቀት ሁለት ሳምንት ከወሰደች ግን የአሮጌ ሶፋ ዋጋ ተበልቶ አልቋል።

ለዚህ ነው ከዕቃው በፊት ሰውየው ይድረስ የምለው። ብዙ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የገባበት ማኅተም ሳያዩ ጓዝ አይለቁም። ኮንቴይነሩ ቀድሞ ደርሶ ቪዛው ከዘገየ የሚከፍለው ባለ ጓዙ ነው። ከልክ በላይ መዘግየትም አደጋ አለው፤ የ6 ወሩ ወይም የ12 ወሩ ገደብ ያልፋል። የባሕር መንገዱ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በ2023 መጨረሻ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ከተጀመረ ወዲህ በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሱ ብዙ መርከቦች ስዊዝን ትተው በደቡብ አፍሪካው መልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ዞረዋል። ይህ ከአሥር ቀን ያላነሰ ይጨምራል። ስለዚህ «በስድስት ሳምንት ይደርሳል» የሚለውን ቃል ሁለት ወር ብሎ ማሰቡ ይሻላል።

ሙሉ ኮንቴይነር የማይሞላ ሰው ከሌሎች ጋር ይጋራል። ባለ 20 ጫማው ወደ 33 ሜትር ኩብ፣ ባለ 40 ጫማው ወደ 67 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ አንድ ክፍል የሚሞላ ጓዝ ከዚያ ትንሽዋን ነው የሚወስደው። መጋራቱ ርካሽ ነው። ግን የማታውቁት ሰው ሳጥን ውስጥ ያለው ነገር የእናንተንም ያስቆማል። ጉምሩክ አንዱን ጭነት ከተጠራጠረ ኮንቴይነሩ በሙሉ ለፍተሻ ይሄዳል። በኤክስሬይ ማለፍ ቀላሉ ነው። በሩን ከፍቶ ማየት ቀጥሎ ይመጣል። ከባዱ ሁሉንም አውርዶ ካርቶን በካርቶን መፈተሽ ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ የፍተሻው ወጪ የሚወድቀው በባለ ጭነቱ ላይ ነው፣ ምንም ባይገኝ እንኳ። ቅር ያሰኛል፣ ግን አሠራሩ እንደዚያ ነው።

አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ላይ ከቀረጡ ይልቅ የሚፈራው አፈር ነው። ጫማ ሥር የደረቀ ጭቃ፣ የብስክሌት ጎማ፣ የድንኳን ካስማ፣ የአትክልት መቆፈሪያ፣ ከረጢቱ ያልተራገፈ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን። ከሣር የተሠራ ዕቃና ቅርፊቱ ያልተነሣ እንጨትም እንዲሁ። ኳራንቲን ካገኘው አንድም በናንተ ወጪ ይታከማል፣ አንድም ይቃጠላል፣ አንድም ይመለሳል። አውስትራሊያ ለቀረጥ ነጻው ከመግባታችሁ በፊት ባለው 12 ወር ሙሉ የእናንተ የሆነና የተገለገላችሁበት ዕቃ ትጠይቃለች። ያንን አብዛኛው ሰው ያሟላል። ጫማውን የሚያጥበው ግን ጥቂት ነው።

የእንጨት ማሸጊያም ደንብ አለው። አይ-ኤስ-ፒ-ኤም 15 የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሳጥንና ፓሌት የሚሠራበት እንጨት ውስጡ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ ወይም በሌላ የተፈቀደ መንገድ እንዲታከም ያዛል። ምልክቱ እንጨቱ ላይ ይታተማል። ሠፈር ውስጥ ካለ አናጺ ያሠራችሁት ጠንካራ ሳጥን ማኅተሙ ከሌለው ውስጡ ያለው ሕጋዊ ቢሆንም ሳጥኑ ራሱ ችግር ነው። የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊት፣ የአንዳንድ እንስሳት ቆዳና ብርቅ እንጨት ደግሞ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሥር ናቸው። ቁልፎቹ በዝሆን ጥርስ የተለበጡ አሮጌ ፒያኖ የአያት ቅርስ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም።

አሁን ስለ ጫኚ ድርጅቶች። በስልክ የሚሰጥ ርካሽ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ወደብ ነው። መድረሻው ላይ የወደብ ማውረጃ፣ የሰነድ ክፍያ፣ የትራንዚተር፣ የማድረሻ፣ የፎቅ ደረጃ መውጫ ተብሎ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። ዕቃው በእጃቸው ስለሆነ መደራደሪያ አይኖራችሁም። «ከቤት እስከ ቤት ነው ወይስ እስከ ወደብ? መድረሻው ላይ ማን ምን ይከፍላል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል አስቀድሞ ነው። ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ድርጅት መልሱን ሰጥቷችኋል።

ኢንሹራንስ ላይ ቸኩሎ የሚፈርም ሰው ብዙ ነው። መርከቡ ራሱ ይከፍላል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። በአሜሪካው የ1936 የባሕር ጭነት ሕግ የመርከብ ድርጅቱ ኃላፊነት ዋጋው አስቀድሞ ካልተገለጸ ለአንድ ጥቅል 500 ዶላር ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ፈቅ አላለም። ኢንሹራንስ ሲገባም ባለቤቱ ራሱ ያሸገው ካርቶን ውስጥ የተሰበረ ብርጭቆ ብዙ ጊዜ አይካተትም። ጠቅላላ መጥፋትን ብቻ የሚሸፍን ርካሽ ውል ደግሞ የሚከፍላችሁ ኮንቴይነሩ ከሰመጠ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ነገር አለ። የጋራ ጉዳት የሚባል ጥንታዊ የባሕር ሕግ ነው። መርከቡንና ጭነቱን ለማዳን ሆን ተብሎ የወጣ ወጪ ካለ ባለመርከቡም ባለጭነቶቹም እንደየዋጋቸው ይካፈሉታል። በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ካናል ውስጥ ለስድስት ቀን ተሰንቅራ ነበር። ከ18 ሺህ በላይ ኮንቴይነር ጭናለች። ባለመርከቧ የጋራ ጉዳት አወጀ። መርከቧ እስከ ሐምሌ ግብፅ ውስጥ ተይዛ ቆየች። ዕቃቸው ጭረት ያልነካው ሰዎች እንኳ ዋስትና ሳያቀርቡ መረከብ አይችሉም ነበር። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን ኢንሹራንሱ ይሰጥለታል። የሌለው በጥሬ ገንዘብ ያስይዛል። ውሉ ላይ ይህ መካተቱን አንድ ጊዜ መጠየቅ አይከብድም።

ኮንቴይነሩን ትቶ በፖስታ ቁርጥራጭ እሽግ የሚልክም አለ። ይህ መንገድ በቅርብ ጊዜ ጠቧል። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ እሽግ የነበረውን ነጻ መግቢያ ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ አቁማለች። ያኔ የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደዚያ የሚሄድ እሽግ መቀበል ለጊዜው አቁመው ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም እስከ 22 ዩሮ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አንስቷል። እሽግ የሚያስተናግድ ማሽን ውስጡ ያለው የስደተኛ ጓዝ ይሁን ከኢንተርኔት የተገዛ ጫማ አይለይም። የሚያየው የተለጠፈውን ወረቀት ነው። ስለዚህ ነጻ መብቱን በፖስታ ለመጠየቅ ከመሞከር አብሮ በአውሮፕላን ተጨማሪ ሻንጣ ከፍሎ መያዝ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ለመሆኑ ምን ይጫን? የባሕር ጭነት የሚከፈለው በዋጋ ሳይሆን በቦታ ነው፤ በጋራ ኮንቴይነር አንድ ሜትር ኩብ ወይም አንድ ቶን፣ የበለጠው። ስለዚህ መጽሐፍ ለመርከብ የተፈጠረ ዕቃ ነው። ከባድ ነው፣ ግን ቦታ አይዝም። ባዶ ቁም ሣጥን ተቃራኒው ነው፤ አየር ለመጫን ትከፍላላችሁ። ኤሌክትሪክም ይታሰብበት። ጃፓን 100 ቮልት፣ አሜሪካና ካናዳ 120፣ አውሮፓና አውስትራሊያ 230 ናቸው። ከ230 አገር ወደ 120 አገር የሚሄድ ማጠቢያ ማሽን ከቀረጥ ነጻ ቢገባም አይሠራም። እኔ ብሆን ትልልቁን ኮተት ሸጬ፣ በገንዘብ የማይተካውንና ትንንሹን እጭን ነበር። ዲፕሎማ፣ የልደት ወረቀት፣ የሕክምና ፋይልና የፓኪንግ ሊስቱ ዋና ቅጂ ግን ኮንቴይነር ውስጥ ምንም ጉዳይ የላቸውም፤ በእጅ ሻንጣ ይሂዱ።

ጓዙ ቤት ሲገባም ካርቶኖቹ ተቆልለው ለወራት መቀመጥ የለባቸውም። በባሕር ጭነት ሕግ በሰፊው በሚሠራበት ደንብ መሠረት ከውጭ የማይታይ ጉዳት ካለ በርክክቡ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ክስ ለመመሥረት ደግሞ አንድ ዓመት ነው ያለው። የጫኚው ውል ከዚህ የተለየ ቀን ሊያስቀምጥ ስለሚችል እሱን ማየት ነው። ሾፌሩ «እዚህ ጋ ፈርሙልኝ» ሲል ካርቶኑ የተቀደደ ወይም የረጠበ ከሆነ ከፊርማው ጎን ያንኑ መጻፍ፣ ፎቶ ማንሣት፣ ቀጥሎ የሚሰበሩ ዕቃዎች ያሉባቸውን ካርቶኖች በዚያው ዕለት መክፈት ነው።